ውሻ ያለበት ካርታ

[ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ሳሎን። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ኮምፒውተር፤ ቀያሹ ሩቅ ካለች ልጁ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወተው ጌም ተከፍቶበታል። ቀያሹ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ ያስጽፋል። የሟች ሚስቱ ወንድም፣ ፖስተኛው፣ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ በአንድ ጣቱ ይጽፋል።]

ቀያሹ፦ ውሻ ካርታ ላይ አይገባም። ጻፍ።

ፖስተኛው፦ «ውሻ... ካርታ ላይ... አይገባም።» ለምን እንደማይገባም ልጻፍ ወይስ ይበቃዋል?

ቀያሹ፦ ይንቀሳቀሳላ! ካርታ ላይ የሚገባው ባለበት የሚቆይ ነገር ነው። ተራራ። ወንዝ። ድልድይ።

ፖስተኛው፦ ድልድዩ እኮ ፈረሰ።

ቀያሹ፦ እሱን ተወው። ስለ ውሻ ነው የማወራው።

ፖስተኛው፦ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ቡናማው በሰንሰለት የታሰረ ነው። የትም አይሄድም።

ቀያሹ፦ አንተ ከማን ጋር ነህ?

ፖስተኛው፦ ከአንተ ጋር ነኝ እንጂ ጋሼ። ይኸው እየጻፍኩልህ አይደል?

ቀያሹ፦ ሰላሳ አንድ ዓመት መሬት ስቀይስ አንድ ቀን ውሻ ካርታ ላይ አስገብቼ አላውቅም።

ፖስተኛው፦ እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ሳድል ውሻ ሳላስብ የወጣሁበት ቀን የለም።

ቀያሹ፦ ያንተ ሥራ ሌላ፣ የእኔ ሥራ ሌላ። ስንተኛው ነጥብ ላይ ነን?

ፖስተኛው፦ አራተኛው። ግን ጋሼ፣ ልጅቷ በትክክል ምን ነበር ያለችህ? እስቲ እንደገና አንብብልኝ።

ቀያሹ፦ [ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይይዛል] «አባዬ፣ ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ወደቡ ላይ ጠብቀንህ ቀረህ። አንድ ተጫዋች የአዲሱን መንገድ ካርታና መመሪያ ሠርቶ ጌሙ ገጽ ላይ አውጥቶታል። እየውና አስተያየትህን ንገረኝ። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መርከቡ ይነሳል። ዛሬም ካልደረስክ ጓደኞቼ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው ሊያስገቡ ነው።» ይኸው። ግልጽ ነው።

ፖስተኛው፦ «እየው» ስትል ተጠቀምበት ማለቷ ይሆን?

ቀያሹ፦ «አስተያየትህን ንገረኝ» ነው ያለችው። ቀያሽ አባት ያላት ልጅ ካርታ ስታይ ማንን ትጠይቅ? ለመሄድ ቢሆን ኖሮ ሂድበት ትለኝ ነበር። ያየችው ነገር አላማራትም፤ የባለሙያ ፍርድ ፈለገች። በል ነጥብ አምስት።

ፖስተኛው፦ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አስር ላይ መድረስ አለብህ።

ቀያሹ፦ እደርሳለሁ። የራሴ ካርታ አለኝ። [ኪሱ ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት መታ መታ ያደርጋል] ነጥብ አምስት፤ ካርታው ላይ ሰሜን አልተመለከተም። ሰሜን የሌለው ካርታ ካርታ አይባልም።

ፖስተኛው፦ ምን ይባላል?

ቀያሹ፦ ስዕል ይባላል። ጻፍ።

ፖስተኛው፦ «ስዕል... ይባላል።» ስዕሉ ያምራል ልበል?

ቀያሹ፦ አትበል። ማን ነው ያልኸኝ የሠራው?

ፖስተኛው፦ ስሙን «እግረኛው» ነው የሚለው።

ቀያሹ፦ ሥራ ፈት መሆን አለበት። ስሙን ደብቆ ሰው የሚያሳስት።

ፖስተኛው፦ ሥራ እንኳ ይኖረው ይሆናል። ምናልባት ከሥራ ሲመለስ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ማታ ማታ እየሠራ...

ቀያሹ፦ አንተ ሰው ሁሉ ያሳዝንሃል። ነጥብ ስድስት፤ ልኬት። ከወፍጮ ቤቱ እስከ መንታ መንገዱ ስንት እርምጃ ነው ይላል?

ፖስተኛው፦ [ያነባል] «ሻይ ቅዳ። ሙቅ ሆኖ ሳለ ከወፍጮ ቤቱ ተነሳ። ሊጠጣ ሲመች መንታ መንገዱ ጋ ነህ።»

ቀያሹ፦ ሰማህ? ርቀት በሻይ ይለካል!

ፖስተኛው፦ ለእኔ ገብቶኛል።

ቀያሹ፦ ላንተ ስለገባ ነው የምናገረው። ብርጭቆው ትልቅ ከሆነስ? ክፍሉ ብርድ ከሆነስ? እኔ ማስመሪያዬን ስክሪኑ ላይ አስደግፌ፣ የጌሙን መሬት በሚሊ ሜትር ለክቼ፣ በእርምጃ አባዝቼ ነው የሠራሁት። ሥራ ማለት ይሄ ነው።

ፖስተኛው፦ ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ?

ቀያሹ፦ ባለፈው እሁድ ግማሹን፣ ማክሰኞ ግማሹን። አንገቴ እስኪደነዝዝ። ነጥብ ሰባት። መነሻው ላይ ያለውን አንብብልኝ።

ፖስተኛው፦ «ከእንግዳ ማረፊያው ስትወጣ ነጩ ውሻ በግራህ ይጮሃል። ከኋላህ ከጮኸ በጓሮ በር ነው የወጣኸው። አትናደድ፣ ተመልሰህ ግባ።»

ቀያሹ፦ [ይስቃል] በየትኛው በር እንደወጣ የማያውቅ ሰው አለ?

ፖስተኛው፦ አንተ የዛሬ ሁለት ሳምንት በጓሮ አልወጣህም?

ቀያሹ፦ እሱ የአካባቢ ጥናት ነው።

ፖስተኛው፦ የዶሮ ቤት ውስጥ አርባ ደቂቃ ቆየህ እኮ።

ቀያሹ፦ ጥናት ጊዜ ይወስዳል። ቀጥል።

ፖስተኛው፦ «መንታ መንገዱ ጋ ቀኝ። ግራው ቀጥ ያለ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግራው ወደ ፈረሰው ድልድይ ነው። ቀኝ።»

ቀያሹ፦ ነጥብ ስምንት፤ ጸሐፊው አንባቢውን ይንቃል። «አውቃለሁ» ይላል። ማንን ነው የሚያውቀው? አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቀኝ ቀኝ የሚለው ለማን ነው?

ፖስተኛው፦ አንድ ጊዜ ተነግሮት የማይሰማ ሰው ይኖር ይሆናል።

ቀያሹ፦ እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ይቀመጥ። ቀጥል።

ፖስተኛው፦ «ረግረጉ ላይ ስትደርስ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ርገጥ። አትቸኩል። ማንም አልቀደመህም።»

[ቀያሹ መንጎራደዱን ያቆማል።]

ቀያሹ፦ እስቲ ድገመው።

ፖስተኛው፦ «አትቸኩል። ማንም አልቀደመህም።»

ቀያሹ፦ ይሄን አነጋገር የት ነው የማውቀው?

ፖስተኛው፦ የተለመደ አነጋገር ነው።

ቀያሹ፦ አይደለም። እህትህ ነበረች እንዲህ የምትለኝ። መኪና ስነዳ፣ ከጎኔ ቁጭ ብላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። አረንጓዴው በር ጋ ስትደርስ ታጠፍ፣ አትቸኩል፣ ማንም አልቀደመህም። ካርታ እኔ ኪስ ውስጥ አለ፣ እሷ በር ትቆጥራለች።

ፖስተኛው፦ ትቆጥር ነበር።

ቀያሹ፦ እንጣላ ነበር እኮ።

ፖስተኛው፦ ትጣሉ ነበር። ግን ትደርሱ ነበር።

ቀያሹ፦ እንደርስ ነበር። [መንጎራደዱን ይቀጥላል] ቢሆንም ይሄ ሙያ አይደለም። ነጥብ ዘጠኝ፤ መመሪያ ላይ ምክርና መንገድ አይደባለቅም። ነጥብ አስር፤ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ሰውየው አንባቢውን መነጽር የጠፋበት አድርጎ ነው የሚያየው።

ፖስተኛው፦ መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው።

ቀያሹ፦ አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ምን ይላል?

ፖስተኛው፦ መጨረሻውን እንኳ ብንተወው...

ቀያሹ፦ የባለሙያ ግምገማ ግማሽ የለውም። አንብብ።

ፖስተኛው፦ [ቀስ ብሎ] «ይህን መመሪያ የሠራሁት ለአንድ ሰው ብዬ ነው። እናንተንም ከጠቀማችሁ ደስ ይለኛል።»

ቀያሹ፦ አሃ። አሁን ገባኝ። ነጥብ አስራ አንድ። ደህና አድርገህ ጻፍ። «ይህ መመሪያ የተሠራለት ሰው ግራና ቀኙን የማይለይ፣ ከበር ወጥቶ የሚጠፋ፣ የነገሩትን የማይሰማ ግትር ሰው መሆኑ ከጽሁፉ በግልጽ ይታያል።»

ፖስተኛው፦ «...በግልጽ ይታያል።»

ቀያሹ፦ «በዚህ ዕድሜው እጁን ይዘው ቢመሩት ይሻላል።»

ፖስተኛው፦ ዕድሜውን በምን አወቅከው?

ቀያሹ፦ ከፊደሉ ትልቅነት። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው።

ፖስተኛው፦ አንተ ጎበዝ ነህ ጋሼ።

ቀያሹ፦ «ቤተሰቦቹም ብቻውን እንዳይለቁት አደራ እላለሁ።» አራት ነጥብ።

ፖስተኛው፦ ይሄኛውን ነጥብ ብናስቀረውስ? ሰውየው ሊያዝን ይችላል።

ቀያሹ፦ እውነት ያሳዝናል ተብሎ አይቀርም። ፈርምበት፤ «ከፍተኛ የመሬት ቀያሽ፣ በጡረታ ላይ።»

ፖስተኛው፦ ኮከብ ስጡ ይላል። ከአምስት ስንት?

ቀያሹ፦ አንድ።

ፖስተኛው፦ እዚህ ታች በትንሹ የተጻፈ ነገር አለ። «አዲስ ካርታ አንድ ኮከብ ከተሰጠው እንደገና እስኪታይ ከገጹ ይነሳል» ይላል።

ቀያሹ፦ ይነሳ።

ፖስተኛው፦ የሚፈልገው ሰው ቢኖርስ?

ቀያሹ፦ ማን?

ፖስተኛው፦ ለምሳሌ ዛሬ አስር ሰዓት ወደብ ላይ መድረስ ያለበት ሰው።

ቀያሹ፦ እንዲህ ያለ ሰው ካለ በውሻ ጩኸት ተመርቶ ገደል ሳይገባ ቶሎ ይነሳለት።

ፖስተኛው፦ ልላከው?

ቀያሹ፦ ላከው።

ፖስተኛው፦ እርግጠኛ ነህ? እንደ ደብዳቤ አይደለም፣ ከሄደ በኋላ በር ላይ ጠብቆ መቀበል የለም።

ቀያሹ፦ ላክ አልኩህ እኮ።

[ፖስተኛው ጣቱን ለአፍታ አየር ላይ አቆይቶ ይጫናል። ተነስቶ ወንበሩን ይለቃል።]

ፖስተኛው፦ ሄደ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እኔ ሻይ ላፍላ።

ቀያሹ፦ [ይቀመጣል፣ ወረቀቱን ይዘረጋል] አሁን ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ታያለህ። ከእንግዳ ማረፊያው ወጣሁ። ሰሜን ምስራቅ፣ ስድስት ሳንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ። ይሄ ማለት ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት እርምጃ።

ፖስተኛው፦ [ከማዕድ ቤት] ውሻው በየት በኩል ይጮሃል?

ቀያሹ፦ ውሻ አልሰማም፤ እየቆጠርኩ ነው። አርባ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ... አሁን ቀጥታ ምስራቅ... መቶ ሰባ... ጥሩ። እዚህ ላይ ወደብ መታየት አለበት።

ፖስተኛው፦ ምን ይታይሃል?

ቀያሹ፦ ጭቃ።

ፖስተኛው፦ እስከ ምን ድረስ?

ቀያሹ፦ እስከ ወገቡ። የማንቀሳቅሰው ሰውዬ ቆሟል። ማስመሪያ አይዋሽም፤ አንድ ነገር ተነክቷል።

ፖስተኛው፦ [ሻይ ይዞ ይገባል] ጋሼ፣ ልኬቱን እሁድና ማክሰኞ ነው የለካሁት አላልክም?

ቀያሹ፦ አዎ።

ፖስተኛው፦ እኔ ሰኞ ዓይኔ አላይ ብሎኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ አሳድጌው ነበር።

[ቀያሹ ከወረቀቱ ቀና ይላል።]

ቀያሹ፦ አሳደግከው።

ፖስተኛው፦ በእጥፍ።

ቀያሹ፦ አንተ ሰው... እኔ ግማሹን በትንሹ፣ ግማሹን በትልቁ ለክቼ... ሰኞ እኔ ኮምፒውተር ላይ ምን ትሠራ ነበር?

ፖስተኛው፦ የእኔ ጉዳይ ነበረኝ። አንድ የጀመርኩት ነገር።

ቀያሹ፦ ስንት ሰዓት ነው?

ፖስተኛው፦ ለአስር ሩብ ጉዳይ።

ቀያሹ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እስቲ ያንን የውሻ ካርታ ክፈትልኝ። ለማነጻጸር ብቻ ነው።

ፖስተኛው፦ የለም።

ቀያሹ፦ የለም ማለት?

ፖስተኛው፦ ተነስቷላ። ይኸው ገጹ፤ «ካርታው በተሰጠው አስተያየት መሠረት ተነስቷል።» አስተያየቱ ግን አለ። አስራ አንዱም ነጥብ።

ቀያሹ፦ አሁን ምን ይሻላል?

ፖስተኛው፦ ለልጅቷ ደውልላትና ዛሬም አልደርስም በላት።

ቀያሹ፦ ስልክማ እንደዋወላለን። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ በላህ፣ በላሁ። ሁለት ደቂቃ። እዚያ መርከብ ላይ ነው የምታወራኝ። መርከቡ ዝም ብሎ ሲሄድ፣ የሚሠራ ነገር ሲጠፋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ እናቷ... ከጎኔ ቁጭ ያለች ነው የሚመስለኝ። ድልድዩ ከፈረሰ ወር ሆነው። በአራተኛዋም ቅዳሜ ከቀረሁባት ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

[ፖስተኛው ሻዩን ያስቀምጣል። ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል።]

ፖስተኛው፦ በል ከጭቃው ወደኋላ ውጣ። የእንግዳ ማረፊያው አጥር ታየህ?

ቀያሹ፦ ታየኝ።

ፖስተኛው፦ ዞረህ በፊት ለፊት በር ሁን። የሚጮህ አለ?

ቀያሹ፦ ነጭ ውሻ። በግራዬ።

ፖስተኛው፦ ጥሩ። መንገዱን ይዘህ ወፍጮ ቤቱ ድረስ። ቡናማው በሰንሰለቱ ልክ ይመጣብሃል፤ አጥሩን ተጠግተህ እለፍ፣ አይደርስብህም።

ቀያሹ፦ አለፍኩት። ጥርሱ ሲያስፈራ።

ፖስተኛው፦ እዚያ የቀዳሁልህን ሻይ ንካው።

ቀያሹ፦ ይፋጃል።

ፖስተኛው፦ ቀጥል።

ቀያሹ፦ እየሄድኩ ነው... ዛፍ... ዛፍ... አጥር...

ፖስተኛው፦ አሁንስ?

ቀያሹ፦ [አንድ ጉንጭ ይጠጣል] ለመጠጣት ይመቻል። መንታ መንገድ ላይ ደረስኩ። ግራው ቀጥ ያለ ነው።

ፖስተኛው፦ አውቃለሁ። ቀኝ።

ቀያሹ፦ ግን ግራው...

ፖስተኛው፦ ቀኝ።

ቀያሹ፦ እሺ። ቀኝ። አንተ ይሄን ሁሉ ሳታይ እንዴት... አንዴ አንብበህ ነው የያዝከው?

ፖስተኛው፦ ሰፈር አንዴ ከገባሁ አይጠፋኝም። ረግረጉ ጋ ደረስክ?

ቀያሹ፦ ደርሻለሁ። ለአስር አራት ደቂቃ ጉዳይ ነው። በአንድ ዝላይ ሁለት ድንጋይ ብረግጥ...

ፖስተኛው፦ አትቸኩል። ማንም አልቀደመህም።

[ቀያሹ ማውሱን ይለቃል። ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል።]

ቀያሹ፦ አንተ።

ፖስተኛው፦ ማውሱን ያዝ። ሰውዬው እየሰመጠ ነው።

ቀያሹ፦ [ይይዛል] አንተ ነህ።

ፖስተኛው፦ እሷም እኔም አንድ ቤት ነው ያደግነው ጋሼ። እናታችንም እንዲህ ነበር የምትለን። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ።

ቀያሹ፦ እግረኛው።

ፖስተኛው፦ ፖስተኛ ብል ታውቀኝ ነበር። ከረግረጉ ስትወጣ ትልቅ ድንጋይ ስር ጥቁር ውሻ ተኝቷል። እሱ አይጮህም፣ በቀጥታ ነው የሚናከሰው። ራቅ በለው።

ቀያሹ፦ ካርታው ላይ ነበር?

ፖስተኛው፦ ነበር። በነጥብ አራት ሰረዝከው።

ቀያሹ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ፖስተኛው፦ እኔ ሠራሁት ብልህ ኖሮ ታየው ነበር?

ቀያሹ፦ [ትንሽ አስቦ] አላየውም ነበር።

ፖስተኛው፦ እንግዲያው። ለልጅቷ ነገርኩና አንቺ ላኪለት አልኳት።

ቀያሹ፦ እና ይሄን ሁሉ ስድብ በገዛ ጣትህ ስትጽፍ!

ፖስተኛው፦ ውሻውን ሳትወደው ቀረህ እንጂ ስዕል ነው ያልክ ጊዜ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ደግሞም ተው አልኩህ። ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅኩህ።

ቀያሹ፦ መርከቡ... መርከቡ ይታየኛል። ቆሟል። አንድ ሰው ከላይ እጁን ያወዛውዛል። ደረስኩ። ወንድሜ፣ ደረስኩ። [መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ይጠርጋል] ልጄ የምትጽፈውን አንብብልኝ፤ መነጽሬ ላብ ይዞታል።

ፖስተኛው፦ [ጎንበስ ብሎ] «አባዬ፣ ለአስር አንድ ደቂቃ ሲቀረው! የአጎቴ ካርታ ነው አይደል ያደረሰህ?»

ቀያሹ፦ አዎ በላት።

ፖስተኛው፦ «አሁን አስተያየትህን ገጹ ላይ እያነበብኩት ነው።»

ቀያሹ፦ እንዳታነብ በላት። ቶሎ ጻፍ።

ፖስተኛው፦ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው ጋሼ... ቀደመችኝ። «ለጓደኞቼም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።»

ቀያሹ፦ አስራ አንዱንም?

ፖስተኛው፦ «በአስሩ ነጥብ አልተስማማንም። በአስራ አንደኛው ግን ሁላችንም እንስማማለን።»

ቀያሹ፦ [ፊቱን በእጁ ይሸፍናል] በሙሉ ማዕረጌ ፈርሜበት።

ፖስተኛው፦ አላለቀም። «በተለይ ቤተሰቦቹ ብቻውን አይልቀቁት የሚለውን። ከአሁን በኋላ አንለቅህም አባዬ። ና፣ ከጎኔ ቦታ ይዤልሃለሁ።»

[መርከቡ ይነሳል።]

ቀያሹ፦ የሰጠሁትን ኮከብ ማስተካከል ይቻላል?

ፖስተኛው፦ አንዴ ብቻ ይቻላል ይላል። ካርታውም ይመለሳል።

ቀያሹ፦ አራት አድርገው።

ፖስተኛው፦ አምስተኛውስ?

ቀያሹ፦ ሙያ ሙያ ነው። ሰሜንን ስታስገባበት እሰጥሃለሁ።

ፖስተኛው፦ [እርሳስና ወረቀት ያነሳል] እሺ፣ ላስገባ። ሰሜን በየት በኩል ነው?

ቀያሹ፦ [እጁን በልበ ሙሉነት ያነሳል። በመስኮቱ ያያል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ወረቀቱን ገልብጦ ያያል። እጁን ያወርዳል።] ነጩ ውሻ በየት በኩል ነበር የጮኸው?